አሥር ብሎን

አፍራህ መሳቢያውን ከቦታው ነቅላ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። ብሎኖቹ እየተንከባለሉ ሲወጡ በመዳፏ እየከለለች ሰበሰበቻቸው። በየልካቸው ለየቻቸው፤ የአንገቱን ወዲያ፣ የደረቱን ወዲህ። ለወገብ የሚሆኑት አሥር ብቻ ነበሩ። መሳቢያውን እንደገና ደፍታ ቂጡን በቡጢ መታችው። ምንም አልወደቀም።

"ብትደበድቢውም አይወልድም" አሉ አቶ አጽብሃ በሩ ላይ ቆመው። የአስመጪ ድርጅቱ ባለቤት ናቸው። ስልካቸውን ከጆሯቸው ሳያነሱ ማውራት ይችሉበታል፤ አሁንም የባንክ ሰው እስኪያነጋግራቸው እየጠበቁ ነው።

"አሥር ነው ያለው ጋሽ አጽብሃ። የነገው በሽተኛ ስምንት ታዞለታል። ወንድሜም ስምንት ታዞለታል።"

"ሂሳብ ተምሬያለሁ እኮ።"

"ቀጣዩ ጭነት መቼ ነው?"

"ባንኩ ኤልሲውን ከፍቶ ዶላሩን ሲፈቅድ።"

"ኤልሲው መቼ ነው የሚከፈተው?"

"ይሄ ሰውዬ ስልኩን ሲያነሳ።" ስልኩን ወደ እሷ አዞሩት። ከውስጡ የማያልቅ የሙዚቃ ቁራጭ ይሰማል። "ሌሎቹ አስመጪዎች ጋስ ጠየቅሽ?"

"ሁሉም ጋ ደወልኩ። አንዱ ዘንግ አለው፣ ብሎን የለውም። ሌላው የአንገት ብቻ ነው ያለው። ሦስተኛው ጉምሩክ ነው አለኝ።"

"ጉምሩክ ነው ካለሽማ የለውም ማለት ነው" አሉና ሳቁ። ራሳቸውም ለደንበኛ የሚሰጡት መልስ ይኸው ነበር። አፍራህ አልሳቀችም። ሳቃቸውን አቋርጠው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ስሚ፤ ሳጥኑን የምትሸከሚው አንቺ ነሽ፤ ሐኪሙንም በሽተኛውንም የምታውቂው አንቺ ነሽ። እኔ ዛሬ ከባንክ አልወጣም። ያመንሽበትን ውሰጂ። እኔ አላየሁም።"

"አላየሁም ማለት ምን ማለት ነው?"

"አላየሁም ማለት ነዋ" ብለው እየተራመዱ ወጡ።

በዚህ ከተማ የሰው አከርካሪ ሲሰበር አካሄዱ እንዲህ ነው፦ ሐኪሙ ስንት ብሎን እንደሚያስፈልግ ያዛል፤ ብረቱ ግን ሆስፒታል ውስጥ የለም። ቤተሰብ አስመጪ ፍለጋ ይወጣል። አስመጪው ሁሉንም ልክ በሳጥን አድርጎ ሥራውን ከሚያውቅ ሰው ጋር ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ይልካል። የገባው ተቆጥሮ ይከፈላል፣ ያልገባው ይመለሳል። ሥራውን የምታውቀው ሰው አፍራህ ናት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የተማረችው የሕክምና መሣሪያ ለመሥራት ነበር፤ የተመረቀችው ግን ሳጥን ለማድረስ ሆነ። አታማርርም። ማማረር ጊዜ ይፈጃል ባይ ናት።

ስለ ብሎን ቁጥር ለቤተሰብ የምታስረዳውም እሷ ነች፤ ሐኪሞቹ ጊዜ የላቸውም። የነገው በሽተኛ የሊካሳ ሚስት ቢሊሴ መጀመሪያ ወደ ቢሮው የመጣች ዕለት የፕላስቲኩን አከርካሪ አንስታ አሳይታት ነበር። አራት ማለት ከተሰበረው አንጓ በላይ ሁለት፣ ከበታች ሁለት፣ በግራና በቀኝ ዘንግ፤ መሃሉ ሳይያዝ ይቀራል። ስድስት ማለት የተሰበረውንም አንጓ በሁለት ብሎን መያዝ ነው። ስምንት ማለት ደግሞ ከላይም ከታችም ሁለት ሁለት አንጓ ማሰር ነው፤ ጀርባው ያን ያህል መታጠፍ ይቀርበታል፣ ግን ሸክሙ ይከፋፈላል። ቢሊሴ ፕላስቲኩን በጣቷ እየዳበሰች ሰማቻትና፣ "ባሌ ልስን ነው የሚሠራው" አለች። "መወጣጫው ላይ እንጨት ቆጥበው ነው የወደቀው። ብዙውን አድርጉለት።"

ነገሩ እንደ እንጨት ቀላል ቢሆን ጥሩ ነበር። አራት ብቻ የገባላቸው ብዙዎች ዛሬም ታክሲ ይጋፋሉ። አንድ የቄራ ቆዳ ነጋዴ ግን አራት አስገብቶ ከወጣ በኋላ ጎብጦ ተመለሰ፤ ራጁ ላይ ብሎኑ እንደ ክብሪት እንጨት ለሁለት ተሰብሮ ይታይ ነበር። የማን እንደሚሰበር ቀድሞ የሚያውቅ የለም። አፍራህ ያነበበቻቸው ጥናቶች ሁሉ ከብዙ ሰው ውስጥ የሚሰበረው የጥቂቱ ነው ይላሉ። ጥቂቱ ማን እንደሆነ ግን አይሉም።

ብሎኖቹን ሳጥኑ ውስጥ ደረደረች፤ ዘንጎቹን ጨመረች፤ አሥሩንም ይዛ ወጣች።

ካዛንቺስ አቧራ ለብሳለች። ግማሹ ወገን አዲስ ንጣፍና አዲስ መብራት፣ ግማሹ የፈረሰ ግድግዳ ነው። እነ አፍራህ የነበሩበት መንደር ለልማት ይፈርሳል ተብሎ በአረንጓዴ ቆርቆሮ ታጥሯል። ነዋሪው የመነሻው ቀን ሲነገረው የሚጠቅመውን ሁሉ በገዛ እጁ እየፈታ ነበር የሄደው፤ በሩን፣ መስኮቱን፣ የጣራውን ክዳን። ታናሽ ወንድሟ ዓብዱልሀኪም እሑድ ጠዋት የቤታቸውን ጣራ እየነቀለ ሳለ የበሰበሰ ማገር ከድቶት ወደቀ። የጓሮው አጥር ግንብ ላይ ነው በጀርባው ያረፈው። ጎረቤት ተሯሩጦ ደረሰለት፤ ውሃ ይጠጣ ብለው ቀና አደረጉት፤ ከዚያ ብብቱን ይዘው ሚኒባስ ጋቢና ውስጥ አስቀመጡት። አፍራህ ስትደርስ ተቀምጦ ነበር። አከርካሪው የተሰበረ ሰው ቀና እንደማይደረግ በዚያ መንደር የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች፤ እሷ ደግሞ በዚያች ሰዓት ስልክ ላይ ሆና የሌላ ሰው ብሎን ታፈላልግ ነበር።

በአጥሩ ሥር ስታልፍ ቀና ብላ አላየችም። ኮንትራት ታክሲ አስቁማ ሳጥኑን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

*

ሆስፒታሉ ውስጥ የሊካሳና የዓብዱልሀኪም አልጋ ጎን ለጎን ነው። በሁለቱ መሃል ወለሉ ላይ የአፍራህ እናት ነፊሳና ቢሊሴ ማዳበሪያ ዘርግተው ከአንድ ሳህን ፍርፍር ይበላሉ። አስታማሚ ለአስታማሚ ቶሎ ይዛመዳል። ሁለቱ ሴቶች ከእሑድ ወዲህ ብርድ ልብስ ተካፍለዋል፣ ሽንት በተራ ደፍተዋል፣ አንዷ ስትተኛ ሌላዋ የሁለቱንም ሰው ጠብቃለች።

"ዶክተር መጣች" አለች ቢሊሴ ብድግ ብላ። ቡልጋሪያ ሰፈር ጭማቂ ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ አሁንም የሥራ ቦታዋን ቲሸርት አላወለቀችም።

"ዶክተር አይደለሁም አላልኩሽም?"

"ብሎኑን ማን ነው የሚያመጣው? ለኔ ዶክተር ነሽ። በቃ፤ ነይ ብዪ፣ አንድ ጉርሻ።"

"በልቻለሁ።"

"ውሸቷን ነው" አለች ነፊሳ። "እንዲህ ናት እሷ፤ ስትቸኩል ትጠግባለች።"

ሊካሳ ከአልጋው ሳቀ። ትልቅ ሰው ነው፤ ትከሻው ከፍራሹ ግራና ቀኝ ይተርፋል። "ያንን ሳጥን ከፍተሽ አሳዪኝ እስቲ። የኔ ናቸው አይደል? ነገ ብረት በብረት ልሆን ነው። ቢሊሴ፣ ቆራሌው በሰፈር ሲጮህ ደብቂኝ እሺ? አንስቶ እንዳይሄድ።"

"አንተን ማን ያነሳሃል?" አለችው ሚስቱ። "እኔ ገልብጬህ ወገቤ ሊቆረጥ ነው።"

"አፊ" አለ ዓብዱልሀኪም በቀስታ። ሃያ አንድ ዓመቱ ነው፤ ጺሙ ገና በወጉ አልወጣም። "እይ እስቲ እግሬን።"

አንሶላውን ገለጠችው። የቀኝ እግሩ አውራ ጣት ተንቀሳቀሰ፤ እንደ ጎርፍ መጨረሻ ውሃ፣ ዝግ ብሎ።

"ግራውስ?"

ፊቱ ተጨማደደ። ግራው ዝም አለ።

"ትላንት ሁለቱም ይንቀሳቀስ ነበር" አለች አፍራህ።

"ደክሞኝ ነው። ማለቴ፣ ማታ አልተኛሁም። ነገ ይሠራል።"

ሊካሳ ወደ ጣሪያው አየ። የሱ እግር ከወደቀበት ቀን ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም። እብጠቱ ሲጎድል ይመለሳል ብላዋለች ቢሊሴ፤ ሐኪሙ ለሷ የነገራት ሌላ ነው።

*

ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር መዝገቡ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ሻይ ይጠጣ ነበር። ለዓመታት አብረው ስለሠሩ አፍራህ አንተ ትለዋለች፤ ዶክተር የሚለውን ግን አትጥልም።

"የወንድሜ ግራ እግር ዛሬ አልተንቀሳቀሰም።"

"አይቼዋለሁ። የተሰባበረው አጥንት ወደ ኅብለ ሰረሰሩ እየገፋ ነው። ቶሎ መያዝ አለበት።" ብርጭቆውን መስኮቱ ላይ አኖረ። "ስንት ብሎን አለሽ?"

አሥር ልትል ነበር። ታክሲ ውስጥ ሆና አፏ ላይ ያዘጋጀችው አሥር ነው። ግን አሥር ካለች፣ አራት አራት ተካፍሎ የሚተርፈው ሁለት ለማን እንደሚሆን የሚወስነው እሱ ነው፤ እሱ ደግሞ ወረፋ የሚያከብር ሰው ነው።

"ስምንት" አለች።

"ለሁለቱም?"

"ለሁለቱም።"

ዶክተሩ አገጩን አሸት አሸት አደረገ። "ወረፋው የሊካሳ ነው። ስምንቱን ለሱ ካስገባሁ ወንድምሽ ይጠብቃል።"

"ምን ያህል?"

"እሱን አለቃሽን ጠይቂያቸው።"

"ቢጠብቅ እግሩ ይቀራል?"

"ይቀራል ማለት አልችልም። አይቀርም ማለትም አልችልም። አራት አራት አድርጌ ሁለቱንም ነገ ልሠራቸው እችላለሁ። ደስ አይለኝም ግን።"

"ለየትኛው ነው ደስ የማይልህ?"

"ለሁለቱም ነዋ። ሊካሳ እግሩ አይመለስም፤ የምናስርለት ተቀምጦ እንዲኖር ነው። ግን ከባድ ሰው ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ከአልጋ ወደ ወንበር በክንዱ እየተንጠላጠለ ነው የሚሻገረው። ያ ሁሉ ክብደት አራት ብሎን ላይ ነው የሚያርፈው። ከተሰበረ ደግሞ መቀመጡም ይቀርበታል። ወንድምሽ ቀላል ነው፣ ልጅ ነው፤ ግን የሚያጣው እግር አለው። አጥንቱ ትንሽ ከተንሸራተተ ያለችውም እንቅስቃሴ ትሄዳለች።" ወደ እሷ ዞረ። "አንቺ የኔን ያህል አይተሻል። ምን ትያለሽ?"

"አራት አራት" አለች።

"እሺ። ቅድሚያ ሊካሳ።"

*

እናቷ ደረጃው ላይ ጠበቀቻት። ሻርፗን ጠበቅ አድርጋ አስራ፣ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ። ከወሎ በልጅነቷ መጥታ ካዛንቺስ ውስጥ ጨርቅ ቸርቻሪ ሆና ሦስት ልጅ አሳድጋለች፤ አንዱ ሞቶባታል። ከሰው ጋር ስትደራደር እንደምትቆመው ነው የቆመችው።

"ምን አለሽ?"

"ሁለቱንም ነገ ይሠራቸዋል። አራት አራት ብሎን።"

"ስምንት ነበር የተባለው።"

"ስምንት ነበር፤ አልበቃም።"

"ስምንቱን ለወንድምሽ አስገቢለት።"

"የሊካሳስ?"

"አላህ ያውቅለታል።"

"ከሚስቱ ጋር ከአንድ ሳህን ነው የምትበሉት፣ እማ።"

"እበላለሁ። ነገም እበላለሁ። እሷም ጥሩ ልጅ ናት፣ ወላሂ፣ እንደሷ ያለ ልጅ አላየሁም።" ነፊሳ ድምፅዋን አልጨመረችም። "መብላት ሌላ፣ ልጅ ሌላ። ይሄን ሁሉ ዓመት የሰውን ሁሉ ወገብ ስትጠግኚ ኖርሽ፤ ዛሬ ወንድምሽ ሲደርስ ወረፋ ሆነ? የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ።"

"ወረፋ አይደለም፤ ብረት ነው። የለም ማለት የለም ነው።"

"ለሱ የሚሆን ግን አለ።"

አፍራህ እጇን ጃኬቷ ኪስ ውስጥ ከተተች። ሁለት ብሎኖች ከሌሎቹ ተለይተው እዚያ ነበሩ፤ ከታክሲ ስትወርድ ነው ከሳጥኑ ያወጣቻቸው፣ ገና ዶክተሩን ሳታገኝ።

"ያንን ክዳን ተወው ብዬው ነበር" አለች ነፊሳ በድንገት፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ። "ቆርቆሮ ምን ይሠራልናል፣ ይቅርብን ብዬው ነበር። ልጅ አይሰማ።"

እሑድ ጠዋት ነፊሳ በስልክ፣ የጓሮውንም ቆርቆሮ እንዳትረሳ ስትለው አፍራህ ጎኗ ነበረች።

"አዎ እማ" አለቻት። "ብለሽው ነበር።"

*

ዕቃ ማምከኛው ክፍል ውስጥ ሁለት ትሪ ሰጧት። ሲስተር ሉሊ፣ የቀዶ ሕክምና ነርሷ፣ በሩ ላይ ሆና ከሌላ ነርስ ጋር ስለ ቤት ኪራይ ታወራለች። አፍራህ ጀርባዋን ሰጥታ፣ የኪሷን ሁለትም ጨምራ፣ ብሎኖቹን ደረደረች። መጀመሪያ አምስት አምስት አደረገች፤ አምስት ብሎን ለማንም አይሆንም፣ ግን እጇ እንዲያ አደረገ። ከመጀመሪያው ትሪ አንዱን አነሳች። አራት፤ ስድስት። ብሎኑን መልሳ አየችው። ከጣቷ አይረዝምም፤ ራሱ ላይ እንደ ባላ ሁለት ቀንድ አለው፤ ዘንጉ እዚያ መሃል ነው የሚያርፈው። ሁለተኛው ትሪ ላይ አስቀመጠችው።

"ጨረስሽ?" አለች ሉሊ።

"ጨረስኩ። የመጀመሪያው የሊካሳ ነው። ይሄኛው የዓብዱልሀኪም።"

"የወንድምሽ? ውይ አፍርዬ። ገብተሽ ልትቆሚ ነው እንዴ ታዲያ?"

"ሌላ ማን አለ?"

ሉሊ ትሪዎቹን በአረንጓዴ ጨርቅ ጠቅልላ አሰረቻቸው፤ በላያቸው ላይ ስም ጻፈች። ውስጡን አልቆጠረችም። የመቁጠሩ ሥራ የአፍራህ ነው፤ በአፍራህ ቆጠራ ሰው ተጠራጥሮ አያውቅም።

*

በማግስቱ ሊካሳን በደረቱ አስተኝተውት ሲገለጥ ጀርባው ከጠረጴዛው ይሰፋ ነበር። የቀረው በአረንጓዴ ጨርቅ ተሸፈነና ሰውየው ጠፋ፤ አንድ የተቀደደ ቦታ ብቻ ቀረ። አፍራህ ንጹሑን ዕቃ መንካት ስለማትችል ራቅ ብላ ቆማ በእጇ ባለው ጠቋሚ ቀይ ብርሃን ትሪው ላይ ታሳያለች፤ ሉሊ ቀይዋ ነጥብ ያረፈችበትን እያነሳች ለዶክተሩ ታቀብላለች። የራጅ ማሽኑ ይመጣል፣ ይሄዳል። ከላይ ሁለት ገቡ። ከታች ሁለት ገቡ። ዶክተር መዝገቡ ሲሠራ አያወራም፤ ከብረት ጋር ብቻ ነው የሚያወራው፤ ግባ፣ ግባ፣ ቀስ።

ከዚያ እጁን አቆመ። የተሰበረውን አንጓ በቀጭን ብረት ነካ ነካ አደረገ፤ የራጁን ማያ አየ፤ እንደገና ነካ።

"ፊት ለፊቱ ነው የተፈረካከሰው፤ ጎንና ጎኑ ደህና ነው" አለ። "ብሎን ይይዝ ነበር። እዚህ መሃል ሁለት ባስገባ ይሄ ሰውዬ በሰላም ይቀመጥ ነበር።" ዞር ሳይል ጠየቀ። "አፍራህ፣ ሁለት የለሽም? ትንሽ አጠር ቢልም ግድ የለም።"

የማደንዘዣው መሣሪያ ይተነፍሳል። የዓብዱልሀኪም ትሪ ከጀርባዋ መደርደሪያው ላይ ነው፤ ገና አልተፈታም። አለ ብትል ሉሊ ጨርቁን ፈታ ሁለቱን ታነሳለች፤ ሌላ ምንም አያስፈልግም፤ ጠቋሚዋን ማብራት እንኳ አያስፈልግም። ማያው ላይ የሊካሳ አከርካሪ አራት ነጭ ጥርስ አብቅሎ ይታያል፤ መሃሉ ባዶ ነው።

"የለም" አለች።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"የለም አልኩህ እኮ፣ ዶክተር።"

ሉሊ ከጭንብሏ በላይ ቀና ብላ አየቻት፤ ቁጣዋ ገርሟት ይሆናል።

"እሺ" አለ መዝገቡ። "ዘንግ።"

*

ስትወጣ ቢሊሴና ነፊሳ ከበሩ ማዶ አግዳሚው ወንበር ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። የቢሊሴ እጅ በነፊሳ እጅ ውስጥ ነበር። ሁለቱም ተነሱ።

"ወጣ?" አለች ቢሊሴ።

"እየሰፉት ነው። በሕይወት አለ፣ ደህና ነው፣ ደሙም ብዙ አልፈሰሰም።"

"ጌታ ይመስገን።" አፍራህን ልታቅፋት ተጠጋች። "ስምንቱም ገባለት?"

ነፊሳ ከኋላ ሆና ራሷን ነቀነቀች። ገባ በያት ነው። ቀላል ነበር። ጉምሩክ ነው እንደማለት፣ ነገ ይመጣል እንደማለት። ይሄን ዓይነት ነገር አፍራህ ለስንቱ ብላዋለች፤ ሰው ሰምቶ አመስግኖ ይሄዳል፤ ነገሩ የሚታወቀው ከርሞ ነው፤ ሲታወቅም ማንም ተመልሶ እሷን አይጠይቅም።

"አራት ነው የገባው" አለች።

ቢሊሴ እጇን እንደዘረጋች ቆመች። "አልበቃም?"

"በአገሩ ያለው አሥር ነበር። አራቱ ለሱ፣ ስድስቱ ለወንድሜ። ዶክተሩ ሲከፍተው ሁለት ጨምሪልኝ አለኝ። የለም አልኩት።"

"አፍራህ" አለች ነፊሳ።

"እኔ ነኝ ያልኩት። ዶክተሩ አያውቅም። እናቴም ስድስት መሆኑን አታውቅም ነበር።"

የበሽተኛ አልጋ የሚገፋ ሠራተኛ መሃላቸው ገብቶ አለፈ፤ ጎማው እየተንጫጫ ኮሪደሩን ጨረሰ። ቢሊሴ እጇን አወረደች። አልጮኸችም። አፍራህ ብትጮህ ደስ ይላት ነበር።

"የወንድምሽ እግር ይንቀሳቀሳል" አለች ቢሊሴ በመጨረሻ።

"አንደኛው።"

"የሱ አይንቀሳቀስም። ነግረውኛል እኮ እኔን።" ቁልቁል የቲሸርቷን ጫፍ አየች። "ለማይንቀሳቀስ እግር ለምን ይባክናል ብለሽ ነዋ።"

"እንደዚያ ብዬ አይደለም። ወንድሜ ስለሆነ ነው።"

ቢሊሴ ወደ ነፊሳ ዞረች፤ ነፊሳ ግን መሬት መሬት ታያለች። ቢሊሴ ከአግዳሚው ላይ ቦርሳዋን፣ የውሃ ላስቲኳን፣ ተጠቅልሎ የተቀመጠውን የሊካሳን ልብስ አነሳች። ብርድ ልብሱን ለሁለት አጥፋ ነፊሳ ጎን አኖረችው። ከዚያ ሄዳ ሌላው ግድግዳ ሥር፣ ብቻዋን ቆመች።

"ምን አደረግሽ?" አለች ነፊሳ በሹክሹክታ። "ዝም ብትያት ምን ነበረበት? ማታ አጠገቧ የምተኛው እኔ ነኝ።"

ዓብዱልሀኪምን በተሽከርካሪ አልጋ እየገፉ አመጡት። ፊቱ ገርጥቷል። "አፊ፣ አብረሽኝ ነሽ አይደል?" አላት። "አለሁ" አለችው፤ የሊካሳ አልጋ በሌላኛው በር ሲወጣ ላለማየት ጎንበስ ብላ አንሶላውን አስተካከለችለት።

ውስጥ ወለሉ ታጥቧል። ሉሊ ሁለተኛውን ትሪ ጠረጴዛው ላይ አኑራዋለች፤ ክሩን ገና አልፈታችውም። ዶክተር መዝገቡ ከመታጠቢያው ፊት ቆሞ ክንዱን በብሩሽ ይፈገፍጋል። የበሩ መስኮት ክፍት ስለሆነ ይነጋገራሉ።

"ለዚህኛውም አራት ነው አይደል?" አለ፤ እንዲያው ለማረጋገጥ ያህል።

ከአራቱ ጋር ያሉትን ሁለቱን ሉሊ ሳታይ ማንሳት ይቻላል። ጨርቁን ማስፈታት፣ ተበላሽቷል ብሎ ማስመለስ፣ ሁለቱን ኪስ ውስጥ መክተት፤ ብልሃቱ አይጠፋትም። ያኔ ቃሏ ከቆጠራዋ ጋር ይገጥማል፤ ሥራዋም፣ ስሟም ባለበት ይቀራል።

ጠቋሚዋን ከኪሷ አወጣች።

"ስድስት ነው" አለች።

ብሩሹ ቆመ። ውሃው ግን መውረዱን ቀጠለ። መዝገቡ እጆቹን ወደ ላይ አንስቶ፣ ከክርኑ እየተንጠባጠበ፣ በመስኮቱ አያት፤ ለረጅም ጊዜ አያት። ሉሊም አየቻት። አፍራህ ፊቷን አላዞረችም። ወደ ጠረጴዛው ቀረብ ብላ ቦታዋን ያዘች።

"ፍቺው፣ ሲስተር" አለች።